የጦር ሠፈር የሕዝብ መናፈሻ ሲሆን



ሠፈር የሚለው ቃላችን ዛሬ ሰው ቤት ሠርቶ፣ ልጅ አሳድጎ፣ ጎረቤት አፍርቶ የሚኖርበትን ቦታ ያሳስበናል። ጥንት ግን ቃሉ ይበልጡን የሚነገረው ለጦር ነበር። ሠራዊት ከጕዞ ዐርፎ ድንኳኑን የተከለበት ቦታ ሠፈር ይባል ነበር፤ ከተማ የሚለውም ቃል እንዲሁ ንጉሥ ከነሠራዊቱ የከተመበትን ቦታ ያመለክት ነበር። ድንኳኑ ጎጆ፣ ጎጆውም ቤት እየሆነ ስንት መንደር እንደ ተቆረቆረ ከታሪካችን የምናውቀው ነው። ስለዚህ ጦር የሠፈረበት ቦታ ከተማ ሆነ ቢባል ለእኛ አዲስ ነገር አይሆንም። ዛሬ የምናነሣው ታሪክ ግን በሌላ መንገድ የሄደ ነው፤ ይኸውም ከተማ ዙሪያውን ከብቦት ሳለ ራሱ ከተማ ሳይሆን፣ መሬቱም በገበያ ሳይቸበቸብ፣ የሕዝብ መናፈሻ ስለ ሆነ አንድ የጦር ሠፈር ነው።

ይህ ቦታ በአሜሪካ አገር፣ በካሊፎርኒያ ግዛት፣ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የሚገኘው ፕሬሲዲዮ ነው። ፕሬሲዲዮ ማለት በእስፓኛ ቋንቋ ምሽግ ያለው የጦር ሠፈር ማለት ነው። ከተማዪቱ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ጨርሳ እንግዳ አይደለችም፤ በ1945 የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር የተፈረመው በእርሷ ነው፤ ከፈረሙትም መንግሥታት አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እንለምናለን።

ፕሬሲዲዮ ያለው በከተማዪቱ ሰሜናዊ ምዕራብ ጫፍ፣ የፓሲፊክ ውቅያኖስ ወደ ባሕረ ሰላጤው በሚገባበት ጠባብ በር አፋፍ ላይ ነው። ጎልደን ጌት የተባለው ታላቅ ድልድይ በ1937 ሲከፈት፣ ደቡባዊ ጫፉ ያረፈው በዚሁ ሠፈር መሬት ላይ ነው። የቦታው ስፋት ከ600 ሄክታር ጥቂት ያልፋል፤ በጥንቱ ልማዳችን ሲገመት 15 ጋሻ ያህል መሬት ማለት ነው። በአሜሪካ ከሁሉ ይልቅ መሬት ከተወደደባቸው ከተሞች በአንዲቱ ውስጥ 15 ጋሻ መሬት፣ ያውም ባሕር የሚታይበት፣ ዛፍ የለበሰ ኮረብታ፣ ለነጋዴ ዐይን ምን ያህል የሚያጓጓ እንደ ሆነ ማንም ሊገምተው ይችላል። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ እንዲህ ያለው ቦታ ወታደሩ ሲለቀው ከሻጭና ከገዢ እጅ እንዴት ዳነ?

መልሱን ለማግኘት ከመነሻው መጀመር ይገባል። በጥንት ዘመን ቦታው የኦሎኒ ሕዝብ ይዞታ ነበረ። በ1776 ሁዋን ባውቲስታ ዴ አንሳ የተባለው የእስፓኛ የጦር አለቃ ለምሽግ የሚሆነውን ስፍራ መረጠ፤ ሆሴ ሆአኪን ሞራጋም ወታደሮችን ከነቤተ ሰባቸው ይዞ መጥቶ በዚያው ዓመት ሠፈሩን መሠረተ። በ1821 ሜክሲኮ ነጻ ስትወጣ ቦታው ወደ እርሷ ተላለፈ፤ በ1846 ደግሞ አሜሪካኖች ያዙት። ከ1776 እስከ 1994 ባለው የ218 ዓመት ጊዜ ሦስት መንግሥታት ተፈራርቀውበታል፤ ሰንደቅ ዓላማው ሲለወጥ የጦር ሠፈርነቱ ግን ሳይለወጥ ቈየ። በበሩ ላይ የተሠራው ፎርት ፖይንት የተባለው ጽኑ ምሽግ በጠላት ላይ አንድ መድፍ እንኳ ሳይተኩስ ዘመኑ አለፈበት።

አሜሪካኖች ሲይዙት ቦታው ነፋስ የሚገርፈው፣ አሸዋና ሣር ብቻ የሚታይበት ገላጣ ምድር ነበር። ዛሬ የሚታየው ደን የተፈጥሮ ሳይሆን የወታደር ሥራ ነው። በ1883 ሻለቃ ዊልያም ጆንስ የተባለ የጦር መሐንዲስ ኮረብታዎቹን ዛፍ ለማልበስ፣ ከተማውንና ሠፈሩን የሚለይ የዛፍ አጥር ለማቆም አንድ እቅድ አቀረበ። በዚህም መሠረት ጥድ፣ ሳይፕረስ የተባለው ዛፍና ከአውስትራሊያ የመጣ ባሕር ዛፍ ተተከለ፤ በዚያን ጊዜ የተጀመረውም ደን 120 ሄክታር ያህል ይሸፍናል። ልብ ይሏል፤ ይህ የሆነው ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ገብቶ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር ካወጣበት ጊዜ ጋር የተቀራረበ ነው። አንዱ ዛፍ በአንድ ዘመን ከአንድ አገር ተነሥቶ በሁለት ሩቅ ምድር፣ በአንዱ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ፣ በሌላው ለነፋስ መከላከያና ለግርማ ተተከለ።

ከዚህም በቀር የዚህ ሠፈር ወታደሮች ከመናፈሻ ጋር የተዋወቁት ሠፈራቸው መናፈሻ ከመሆኑ ከመቶ ዓመት በፊት ነበር። በዚያን ዘመን የብሔራዊ መናፈሻዎች መሥሪያ ቤት ገና አልተቋቋመም፤ የተቋቋመው በ1916 ነው። ስለዚህ ዮሰሚቴና ሴኮያ የተባሉትን ታላላቅ የዱር ቦታዎች ከዛፍ ቈራጭና ከአዳኝ የሚጠብቀው ጦር ሠራዊቱ ነበር። በየዓመቱ በጋ ሲገባ ከፕሬሲዲዮ የፈረሰኛ ጦር ተነሥቶ፣ ሁለት ሳምንት ያህል ተጕዞ ወደ ተራሮቹ ይወጣ ነበር። ከነዚህም መካከል በዘመኑ ሕግና ልማድ ከነጭ ወታደሮች ተለይተው የሚያገለግሉት ጥቍር አሜሪካውያን ፈረሰኞች ይገኙባቸዋል። በ1903 አለቃቸው ሻምበል ቻርልስ ያንግ የሴኮያ መናፈሻ የበላይ ጠባቂ ሆኖ ተሾመ፤ ለአንድ ብሔራዊ መናፈሻ አለቃ በመሆን ከጥቍር አሜሪካውያን የመጀመሪያው እርሱ ነው። ብዙ ዓመት ሲጀመርና ሲቋረጥ የኖረውን ወደ ታላላቆቹ ዛፎች የሚወስደውን የሠረገላ መንገድ በአንድ በጋ አስጨረሰው።

ሠፈሩ የከተማዪቱ መጠጊያ የሆነበትም ቀን ነበር። ሚያዝያ 18 ቀን 1906 ሳን ፍራንሲስኮን ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ መታት፤ ተከትሎም የተነሣው እሳት ሦስት ቀን ሲያነድዳት ሰነበተ። ከ200,000 የሚበልጥ ሕዝብ ቤት አልባ ሆነ። በዚያን ጊዜ የፕሬሲዲዮ ሜዳ በድንኳን ተሞላ፤ ሠራዊቱም ለብዙ ሺህ ስደተኞች እህልና መጠለያ ሰጠ። ይሁን እንጂ ቻይናውያኑ ስደተኞች ከሌላው ሕዝብ ተለይተው ለብቻቸው እንዲሠፍሩ መደረጋቸውን ታሪክ መዝግቦታል። ቤቱ የተቃጠለበት የከተማው ሰው በሌላ ጊዜ በዘበኛ የሚጠበቀውን ሜዳ በዚያ ወራት ቤቱ አደረገው።

ደጉን ስንናገር ክፉውን መሸሸግ አይገባም። በ1941 ኅዳር ወር፣ ሠራዊቱ በዚሁ ሠፈር ዳርቻ ባለ በአንድ የአውሮፕላን ማደሪያ አዳራሽ ውስጥ የጃፓንኛ ቋንቋ ትምህርት ቤት በስውር ከፈተ፤ ተማሪዎቹም ከጥቂቶች በቀር ከጃፓን ወላጆች የተወለዱ አሜሪካውያን ወታደሮች ነበሩ። ጥቂት ወራት ቈይቶ፣ በ1942 የምዕራቡን ጠረፍ ጦር የሚያዘው ጄኔራል ጆን ዴዊት፣ በፕሬዚዳንት ሮዘቬልት ትእዛዝ በተሰጠው ሥልጣን፣ ከዚሁ ሠፈር ካለው ጽሕፈት ቤቱ ተከታታይ ትእዛዝ አወጣ። በትእዛዙም ከ110,000 የሚበልጡ የጃፓን ተወላጆች፣ አብዛኞቹም የአሜሪካ ዜጎች፣ ከቤታቸው ተነቅለው በበረሃ ወደ ተሠሩ የእሥር ሠፈሮች ተወሰዱ። ልጁ በአንዱ አዳራሽ ለአገሩ ሲያገለግል፣ ወላጆቹን የሚያስነቅለው ደብዳቤ ከጥቂት መንገድ ማዶ በሌላው ቤት ይፈረም ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ፣ መስከረም 8 ቀን 1951፣ ከጃፓን ጋር የተደረገው የሰላም ውል በሳን ፍራንሲስኮ ተፈረመ፤ ኢትዮጵያም ከፈራሚዎቹ አንዷ ነበረች። በዚያው ቀን አሜሪካና ጃፓን ብቻ የተዋዋሉት የመከላከያ ውል የተፈረመው ግን በፕሬሲዲዮ ነው። እንዲህ ባለ ሁኔታ ያ የኮረብታ ሠፈር የጦርንም የዕርቅንም ወረቀት አስተናገደ።

አሁን ወደ ዋናው ጕዳይ እንመለስ። በ1972 የሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ እንደራሴ የነበሩት ፊሊፕ በርተን በከተማዪቱ ዙሪያ ያለውን የባሕር ጠረፍ ብሔራዊ የመዝናኛ ስፍራ የሚያደርግ ሕግ እንዲወጣ ደከሙ። በሕጉ ውስጥ፣ ሠራዊቱ ፕሬሲዲዮን አልፈልገውም ባለ ጊዜ መሬቱ ወደ መናፈሻው ይተላለፋል የሚል ቃል ገባበት። በዚያን ዓመት ሠራዊቱ ሠፈሩን ይለቃል ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነበረ፤ ስለዚህም ቃሉ ብዙ ክርክር ሳያስነሣ አለፈ። በርተን በ1983 ሞቱ። የጦር ሠፈሮች እንዲቀነሱ የተሠየመው ኮሚሲዮን ፕሬሲዲዮም ይዘጋ ብሎ የወሰነው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1988 መጨረሻ ነው። ሌሎች የተዘጉ ሠፈሮች እየተቈራረሱ ለፋብሪካ፣ ለአውሮፕላን ማረፊያ፣ ለመኖሪያ ቤት ሲታደሉ፣ ፕሬሲዲዮ ግን ባለቤቱ አስቀድሞ የታወቀ ነበር። ጥቅምት 1 ቀን 1994 ሠራዊቱ መሬቱን ለብሔራዊ መናፈሻዎች መሥሪያ ቤት አስረከበ። ሞት ሳይቀድም የተጻፈ ኑዛዜ ወራሾችን ከክርክር እንደሚያድን ሁሉ፣ ከ22 ዓመት በፊት የተጻፈው ያ አጭር ቃል መሬቱን ከቅርምት አዳነው።

ነገር ግን መሬት መውረስ አንድ ነገር ነው፤ ማስተዳደር ሌላ ነገር ነው። መሥሪያ ቤቱ የተረከበው ሣርና ዛፍ ብቻ አልነበረም። ከ400 የሚበልጡ ታሪካዊ ቤቶች፣ ሆስፒታል፣ የወታደር ማደሪያ፣ አሮጌ የውሃ ቧንቧና የኤሌክትሪክ መስመር ሁሉ አብሮ መጣ። ከአገሪቱ ብሔራዊ መናፈሻዎች ሁሉ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሆኖ ስለ ተገኘ በምክር ቤት ማጕረምረም ተጀመረ፤ በአንድ ሀብታም ከተማ ውስጥ ላለ አንድ መናፈሻ ይህን ያህል የሕዝብ ገንዘብ ማፍሰስ ለምን ያስፈልጋል? የሚሉ ድምፆች ተሰሙ። በዚህ ጊዜ በበርተን ወንበር በተከታይነት የተመረጡት ናንሲ ፔሎሲ ከሌሎች እንደራሴዎች ጋር መክረው በ1996 አንድ አዲስ ሕግ እንዲወጣ አደረጉ።

በዚህ ሕግ ከመሬቱ አምስት እጅ አራቱን የሚያስተዳድር ፕሬሲዲዮ ትረስት የተባለ የመንግሥት ድርጅት ተቋቋመ፤ የባሕሩ ዳር ግን በመናፈሻዎች መሥሪያ ቤት እጅ ቀረ። ትረስት የሚለው ቃል በቋንቋችን አደራ ማለት ነው። ድርጅቱ ሰባት አባሎች ያሉት የአስተዳደር ጉባኤ አለው፤ ስድስቱን ፕሬዚዳንቱ ይሾማሉ፤ ሰባተኛው የአገር ውስጥ ሀብት ሚኒስትር ወይም የእርሳቸው ወኪል ነው። አደራው ግን ከባድ ቅጣት ተጨምሮበት ነበር። ድርጅቱ በ15 ዓመት ውስጥ፣ ይኸውም እስከ 2013፣ ከመንግሥት ግምጃ ቤት ሳይለምን ራሱን መቻል ነበረበት፤ ያልቻለ እንደ ሆነ መሬቱ የመንግሥትን ትርፍ ንብረት ለሚያስወግደው መሥሪያ ቤት ተላልፎ ለሽያጭ ሊቀርብ ይችል ነበር። ሕግ አውጪው መናፈሻውን በአንድ እጁ ሰጥቶ በሌላው እጁ እንደ ያዘው ያህል ነው።

ድርጅቱ የመረጠው መንገድ ኪራይ ነው። የመኰንኖችና የወታደሮች መኖሪያ የነበሩት ከሺህ የሚበልጡ ቤቶች ታድሰው ለከተማው ሰው ተከራዩ፤ የጽሕፈት ቤቶቹና የጦር አዳራሾቹ ለልዩ ልዩ ድርጅቶች ተሰጡ። የቍስለኛ ወታደሮች መታከሚያ የነበረው የሌተርማን ሆስፒታል ትልቁ ሕንጻ ፈረሰ፤ በስፍራውም የሲኒማ ሠሪው የጆርጅ ሉካስ ኩባንያ በ2005 አዲስ ሕንጻ ሠርቶ በዓመት ከ5 ሚሊዮን ዶላር የሚበልጥ የመሬት ኪራይ የሚከፍል ሆነ። እንዲህ እየተደረገ በ2013 ፕሬሲዲዮ ያለ ዓመታዊ የመንግሥት ድጎማ መተዳደር ቻለ። ለአሮጌው ቧንቧና መስመር እድሳት ግን በ2022 በወጣ ሕግ 200 ሚሊዮን ዶላር ከመንግሥት ተመድቦለታል። ይህም የኪራይ ገቢ የዕለቱን ወጪ ቢችልም፣ የመቶ ዓመት እርጅናን ለብቻው ለመሸከም እንደማይበቃው ያሳያል።

ይህ መንገድ ነቃፊዎች አልታጡበትም። የሕዝብ መሬት ጠባቂ ተከራይ የሚያድን ባለ ርስት ከሆነ፣ ከጊዜ በኋላ ለባለ ገንዘቡ እንጂ ለሕዝቡ አያስብም ብለው የሚፈሩ ነበሩ፤ ፍራቻቸውም ከንቱ አልነበረም። ሆኖም ሕዝቡ ዝም አላለም። በ2007 ዶናልድ ፊሸር የተባሉት ባለጸጋ የሥዕል ስብስባቸውን የሚያኖሩበት አዲስ ሙዚየም በጥንቱ የሠፈሩ አደባባይ ለመሥራት ቢያቀርቡ፣ የቦታውን ታሪካዊ መልክ ያበላሻል የሚል ተቃውሞ ስለ ጠነከረ በ2009 አሳባቸውን ተዉት። ጆርጅ ሉካስም በባሕሩ ዳር ሙዚየም ለመሥራት ያቀረቡት አሳብ በ2014 በድርጅቱ ጉባኤ ሳይፈቀድ ቀርቷል። ገንዘብ ያለው ሰው አልሆነም መባሉ፣ አደራው በወረቀት ላይ ብቻ የተጻፈ እንዳልሆነ የሚያስረዳ ምልክት ነው።

ገንዘብ ብቻም አልበቃም፤ መሬቱ ራሱ መታከም ነበረበት። ሠራዊት በኖረበት ቦታ ነዳጅ ይፈስሳል፤ ቀለምና መድኀኒት፣ የአሮጌ መሣሪያ ጥራጊ ሁሉ በጕድጓድ ይቀበራል። በ1999 በተደረገው ስምምነት ሠራዊቱ ለማጽጃ 100 ሚሊዮን ዶላር ያህል ለድርጅቱ ለመክፈል ተዋዋለ። ከሁሉ የሚደነቀው ክሪሲ ፊልድ በተባለው የባሕር ዳር የተሠራው ሥራ ነው። ይህ ቦታ በጥንት ጊዜ ባሕሩ እየገባ የሚወጣበት ረግረግ ነበር፤ በ1915 ስለ ፓናማ ቦይ መከፈት ለተደረገው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ሲባል ረግረጉ በአፈር ተሞላ፤ ኋላም የጦር አውሮፕላን ማረፊያ ሆነ። የመናፈሻው ሠራተኞች አስፋልቱን ነቅለው፣ የተበከለውን አፈር አስወግደው፣ 7 ሄክታር ያህል ረግረግ ቈፍረው ባሕሩን መልሰው አስገቡት። የከተማው ሕዝብና የትምህርት ቤት ልጆች በነጻ ጕልበታቸው ከ100,000 ያላነሱ አገር በቀል አትክልቶች ተከሉ፤ ቦታውም በ2001 ለሕዝብ ተከፈተ። ዛሬ የውሃ ወፎች ይውሉበታል።

መሬቱም ባለውለታውን ያልረሳ ይመስላል። ማንዛኒታ የሚባል፣ በዚያች ከተማ ምድር ብቻ የሚበቅል አንድ የቍጥቋጦ ዓይነት በ1947 ከዱር ጨርሶ ጠፋ ተብሎ ነበር። በ2009 ግን ሠፈሩን የሚያቋርጠው አውራ ጎዳና ሊታደስ ዛፎቹ ሲመነጠሩ፣ በመንገዱ ዳር አንድ ብቸኛ ግንድ ተገኘ፤ በጥንቃቄ ከነአፈሩ ተነሥቶም በዚያው በፕሬሲዲዮ ተተከለ። ያ አሮጌ ጎዳና ፈርሶ በፋንታው የመሬት ውስጥ መተላለፊያ ስለ ተሠራ፣ ከዋሻው ጣሪያ በላይ ወደ 6 ሄክታር የሚጠጋ አዲስ መስክ ተዘርግቶ በ2022 ለሕዝብ ተከፈተ። ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት የሠፈሩን አደባባይ ከባሕሩ ለይቶት የነበረው መንገድ እንዲህ ከእግር በታች ሆነ።

መታሰቢያውስ? ወደ 30,000 የሚጠጉ ወታደሮችና ቤተ ሰቦቻቸው ያረፉበት መካነ መቃብር በመናፈሻው መካከል ተከብሮ ይኖራል፤ ከነዚያ ጥቍር ፈረሰኞችም ብዙዎቹ በዚያ ተቀብረዋል። ያ ስውር የቋንቋ ትምህርት ቤት የነበረበት አዳራሽ ደግሞ ከ2013 ጀምሮ የጃፓን ተወላጆች ያገለገሉበትንም የተበደሉበትንም ታሪክ የሚያስተምር ቤት ሆኗል። ሊሽራሸር የመጣ ሰው ከዛፍ ጥላ ሥር ሆኖ የአገሩን ክብርም ጥፋትም ያነብባል።

ይሁን እንጂ ነገሩ ሁሉ ተፈጽሞ አብቅቷል ብሎ መዝጋት አይገባም። በ2025 የካቲት ወር የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ባወጡት ትእዛዝ፣ ይህ የአደራ ድርጅት በሕግ ከተደነገገበት ሥራ በቀር ያለው ሥራው ሁሉ እንዲቀነስ ከታዘዘባቸው መሥሪያ ቤቶች አንዱ ሆነ። በዚህ ጊዜ በ1972ና በ1996 የተጻፉት ቃላት እንደ ገና ጋሻ ሆነው ቆሙ፤ በሕግ የተሰጠ አደራ በሕግ እንጂ በትእዛዝ ብቻ አይሻርምና።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንማረው ምንድን ነው? ወታደር ሲወጣ መናፈሻ በራሱ አይበቅልም። ፕሬሲዲዮን መናፈሻ ያደረገው በመጀመሪያ ገበያተኛ ሳይመጣ አስቀድሞ የተጻፈ ሕግ ነው፤ ሁለተኛ ቦታውን የሚመግብ፣ ነገር ግን ልክ የተበጀለት ገቢ ነው፤ ሦስተኛም አፈሩን ያጸዳ፣ ችግኙን የተከለ፣ አልሆነም ማለትን ያወቀ ሕዝብ ነው። ከሦስቱ አንዱ ቢጐድል ያ 15 ጋሻ መሬት ዛሬ በአጥር ተከፋፍሎ የጥቂቶች ግቢ ሆኖ ይታይ ነበር። የተሸጠ የሕዝብ መሬት በምንም ዋጋ ተመልሶ አይገዛም፤ የተጠበቀ መሬት ግን ለገና ያልተወለደው ልጅ እንኳ ድርሻ አለው። በየትም አገር ቢሆን ሰፊ የመንግሥት ቦታ የሚለቀቅበት ቀን መምጣቱ አይቀርም፤ ያን ቀን የሚጠቅመው በዚያ ቀን የሚነሣ ጩኸት ሳይሆን፣ ቀኑ ሳይደርስ በጸጥታ የተጻፈ ቃል ነው።